ሞተሩ ሲዞር ይሰማ ነበር

ሮቦት ማለት አእምሮ ነው ይላሉ። አይደለም። ይህን የሚሉት ሰዎች ሮቦት አይተው ይሆናል እንጂ ሠርተው አያውቁም። ሮቦት ማለት የክብሪት እንጨት በምታህል የሞተር ዘንግ ላይ ሳትንሸራተት የምትቀመጥ ፑሌጃ ናት። ፑሌጃ የምላት ቀበቶ የሚዞርባትን ትንሽ መንኮራኩር ነው፤ እዚህ በኬንያ በኩል ፑሊ ይሏታል። እሷ ከዘንጉ ጋር አብራ ካልዞረች፣ ኮምፒውተሩ የፈለገውን ያህል ቢያስብ ማሽኑ ባለበት ቆሞ ያፏጫል። የሥራ ዘመኔ በሙሉ ያለቀው እነዚህን ሁለት ነገሮች በማገናኘት ነው። በቴፕ ማጫወቻ ጀመርኩ፣ በሮቦት ጨረስኩ፤ ሥራው ያው ነው።

ባለፈው ወር ብረት ቆንጥጦ የሚይዝልኝን ሞርሳዬን ለአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ሸጥኩና አቆምኩ። ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ በአንድ ዓይን ዘንግና ቀዳዳ ማገናኘት ደግሞ ትዕግሥት ሳይሆን ቁማር ነው። ጡረታ ወጣሁ የምለው ለወግ ያህል ነው። ፉንዲ ጡረታ የለውም። ፉንዲ በስዋሂሊ ባለእጅ ማለት ነው፤ የሞያሌ ሰው ስሜን ረስቶ በዚሁ ይጠራኛል። ስለ ሥራ ዘመናቸው የሚጽፉ ሰዎች በኩራት ጀምረው በምስጋና ሲጨርሱ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ማንበብ ከፑሌጃ ቀጥሎ ያለብኝ ሱስ ነው። እንደዚያ መጻፍ ግን አይሆንልኝም።

ሥራ የጀመርኩት ኬንያ ውስጥ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ከአባቴ ጋር ድንበር ተሻግረን ስንገባ ገና ጢም አላወጣሁም ነበር። ካምፑ ውስጥ ሁሉም ነገር «ለጊዜው» ነበር። ድንኳኑ ለጊዜው፣ የራሽን ካርዱ ለጊዜው። ያገባውም ለጊዜው ነው ይላል፣ የወለደውም። አንዳንዱ ለጊዜው እንዳለ እዚያው ተቀበረ።

ጋሽ ደበበን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። በቀድሞው ጦር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ በካምፑ ደግሞ ከሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቴፕ ይጠግኑ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው ደብዳቤ የሚልከው በካሴት ነው። ድምፁን ቀርፆ ለሹፌር ይሰጣል፤ ካሴቱ ድንበር ተሻግሮ ይመጣል። አንዲት ሴት ቴፗን ታቅፋ እያለቀሰች መጣች። እናቷ ታመዋል ብላ ነው፤ ድምፃቸው ወፍሮ፣ ተጎትቶ፣ የሰከረ ወንድ መስሎ ይሰማል። ጋሽ ደበበ ክዳኑን ከፍተው ፑሌጃዋን በጣታቸው ነካ ሲያደርጓት ዘንጉ ላይ ብቻዋን ተሽከረከረች። ገጠሙላትና አስጀመሩት። እናትየው በራሳቸው ድምፅ የዘመድ አዝማድ ስም እየጠሩ ሰላምታ ማቅረብ ጀመሩ። ሴትዮዋ ይብሱን አለቀሰች። እኔ በማግሥቱ ጋሽ ደበበ ዘንድ ሄጄ ሥራ አስተምሩኝ አልኩ። ሥራ የለም፣ ቁጭ ብሎ ማየት ግን ይቻላል አሉኝ።

አየሁ። ትንሽ ሞተር ላይ ፑሌጃ ለመግጠም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው መዶሻ ነው። መዶሻው ፑሌጃዋን ያስገባል፤ ዘንጉን ግን ወደ ኋላ ይገፋና የተደገፈበትን የኋላ ክዳን ያጎብጣል። ሞተሩ ይዞራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እየሞተ ነው የሚዞረው። ጋሽ ደበበ ሞተሩን በሞርሳ መንጋጋ መካከል አስቀምጠው የዘንጉን የኋላ ጫፍ በጠፍጣፋ ብረት ይደግፉታል። የናሷን ፑሌጃ ቀደም ብለው የፈላ ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይከቷታል፤ ናስ ሲሞቅ ቀዳዳው ከፀጉር ባነሰ መጠን ይሰፋል። ዘንጉን በአልኮል ይጠርጉታል። ከዚያ ትንፋሻቸውን ያወጡና ሞርሳውን ቀስ እያሉ ያጠብቃሉ። ያን ጊዜ የሚያናግራቸው ሰው መልስ አያገኝም። ሲጨርሱ ሞተሩን አስነስተው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ወደምትዞረው ፑሌጃ ጠርዝ ያስጠጋሉ። ጥፍራቸውን እኩል ካሻሸችው ዝም ይላሉ። ከዘለለች ያወልቁና እንደገና ይጀምራሉ። አንድ ጎረቤት ጣሳው ውስጥ ያለው ሻይ መስሎት ኩባያ ይዞ ቢመጣ፣ «ፑሌጃ ነው፤ ስኳሩን ራስህ ጨምር» አሉት።

ዘንግ በሞረድ ሲሞርዱ ደግሞ ሞተሩን በጨርቅና በፕላስቲክ ጥቅልል አድርገው ይሸፍኑታል። ሞተር ውስጥ ማግኔት አለ፤ የብረት ብናኝ ጠርቶ ያስገባል፤ የገባ አይወጣም። ይህን ሳይነግሩኝ ሁለት ሞተር ገደልኩ። ለምን አልነገሩኝም ብል፣ «ብነግርህ ትሰማ ነበር፤ አሁን ግን አወቅህ» አሉኝ። እንዲህ ያለ አስተማሪ ዛሬ ይከሰሳል።

ከሁሉ የሚጠሉት ግን ሙጫ ነበር። በእኛ አካባቢ ፉንዲ ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ አለች። የሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ሱፐር ግሉ ይንጠባጠብና በላዩ የዳቦ ሶዳ ይነሰነስበታል፤ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ባልዲም፣ ጫማም፣ የሬዲዮ ሽፋንም በዚህ ይጠገናል። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሙቀትና ንዝረት አይችልም። ጋሽ ደበበ አንድ ደንበኛ በሙጫ ይሁንልኝ ለጊዜው ነው ቢላቸው ሞተሩን መልሰው እጁ ላይ ያስቀምጡለታል። «ዘንግ ላይ ለጊዜው የሚባል ነገር የለም» ይሉ ነበር። በዚያ ካምፕ ውስጥ ይህን ቃል የማይሉ ብቸኛው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ካምፑ ሲዘጋ ሰው ተበተነ። እኛ ሁለታችን ሞያሌ ገባን። አንድ የደጋ ሰው የሆነ ባለሆቴል የጎን ክፍሉን አከራየን፤ ኪራዩን ብዙ ጊዜ የሚቀበለን የቤቱን ሬዲዮ በማስጠገን ነበር፣ ሬዲዮው ደግሞ ደግነቱ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል። ካሴት ሲሞት እኔ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። አለቃዬ ማሽን የሚረዳው በመደብደብ ነበር፤ ፕሪንተር ሲቆም በጥፊ ይመታና እኔን ይጠራል። ከዚያ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ከሞቱ ፕሪንተሮች ያወጣኋቸው ሳጥን ሙሉ ትናንሽ ሞተሮች ናቸው።

ለእነዚያ ሞተሮች ሲል አንድ የፊዚክስ መምህር መጣ። ኬንያዊ ነው፤ ሁላችንም ምዋሊሙ እንለዋለን፣ መምህር ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ፋርማሲ ሻጭና ከአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ጋር ሆነው በትርፍ ጊዜያቸው ሮቦት ይሠራሉ። ፑሌጃቸው ሁሌ እየወለቀች ተቸግረዋል። ጋሽ ደበበንም ይዤ ተቀላቀልኩ። የመጀመሪያዋ ሮቦታቸው ወለል ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ መኪና ነበረች። መጨረሻው ስትደርስ ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ሰው ያሰመረውን መስመር ተከትዬ ስሄድ ማንም አላጨበጨበልኝም። ጋሽ ደበበ ግን ወደዷት። ጥፍራቸውን ወደ ፑሌጃዋ አስጠግተው፣ «አልዘለለችም» አሉ።

ስለ ጃርሶ የማወራው አሁን ነው።

ጃርሶ የከብት መኪና ሹፌር ነበር። ከጎዶማ ፍየል ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ከፍየሎቹ አብዛኞቹ ተረፉ። ጃርሶም ተረፈ፣ ከአንገቱ በላይ። ሚስቱ ቦኔ ከኢትዮጵያ በኩል ሽንኩርትና ድንች እያሻገረች ትሸጣለች፤ ካልሠራች ሁለቱም አይበሉም። ስለዚህ ቀን ቀን በሩን ክፍት ትተዋለች፤ ያለፈ ያገደመው ገብቶ ውኃ ያጠጣዋል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ይገባል። ሚራ ሻጯ ትገባለች፤ ሚራ በኬንያ ጫት ነው። ሹፌር ጓደኞቹ መኪናቸውን አቁመው ይገባሉ። ደረቱ ስለደከመ በቱቦ መሳብ አይችልም፤ ውኃው ከላይ ቢንጠለጠልለት ደግሞ ሳይፈልግ እየፈሰሰ ያንቀዋል። ሰው ኩባያ ይዞ ማዘንበል አለበት።

ጃርሶ ይህን ይጠላ ነበር። እኛን አስጠርቶ የነገረን እሱ ራሱ ነው። ሲጠማው ሰው የለም፤ ሰው ሲመጣ አልጠማውም፤ ግን ገብተዋልና ያጠጡታል። አንገቱ ላይ ያፈሱበታል። ደግሞ ያወሩታል፤ የነዳጅ ዋጋ፣ ማን ድንበር ላይ እንደተያዘ፣ የማን ግመል ዳበል ላይ እንደጠፋ። «ሞት አይደለም የምፈራው» አለን። «ቢሻን መለመን ሰለቸኝ። አንድ ጉንጭ ውኃ፣ ማንንም ሳልጠራ።» ቢሻን በኦሮምኛ ውኃ ነው። የፈለገው ይኸው ነበር። ሌላ የፈለገው ነገር የለም።

ሠራንለት። ጉንጩ አጠገብ ማብሪያ አደረግን። ፊቱን ትንሽ ሲያዞር ሞተሩ ይነሳል፤ ፑሌጃዋ ቀበቶውን፣ ቀበቶው ደግሞ የጎማ ቱቦውን እየጨመቁ ውኃ የሚገፉ መንኮራኩሮችን ያዞራል፤ አንድ ጉንጭ ውኃ አፉ ውስጥ ይገባል። የገጠምን ቀን ያለማቋረጥ ጠጣ። በኋላ ቦኔ ፍራሹን እያየች፣ «አቦ ፉንዲ፣ ማስገቢያውን ሠራችሁ፣ ማስወጫውንስ ማን ይዝጋልኝ?» አለችኝ። ጃርሶ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አቧራ ሞተሩን ገደለው። ከሳጥኔ ሌላ አወጣን፤ ዘንጉ ግን ከቀድሞው ይቀጥናል፤ ፑሌጃዋ ትላወሳለች። ለዘንጉ ልክ የሆነች ፑሌጃ ከናይሮቢ አዘዝን፤ በአውቶቡስ ትመጣለች ተባለ። ጋሽ ደበበ በዚያን ጊዜ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። እኔ ልያዝልዎ ስላቸው እጄን በክርናቸው ገፋ ያደርጉታል። ወደ ጃርሶ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። መሣሪያቸውን ሲያወጡ ሱፐር ግሉና የሶዳ ቆርቆሮ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይህ ሙጫ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«አውቶቡሱ እስኪመጣ ብንጠብቅስ?»

ቀና ብለው አላዩኝም። «አንተ ጠብቅ» አሉ። «አንተ ሲጠማህ ተነስተህ ትጠጣለህ።»

ተከራከርኳቸው። አልሰሙኝም፤ የመጀመሪያው ጠብታ ጣታቸው ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ቦታውን አገኘ። ሶዳውን ነስንሰው ጠበቁ፤ ጥፍራቸውን አስጠጉ። «ለጊዜው ነው» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጃርሶ ጠጣ፤ አመሰገናቸው።

ልኳ ፑሌጃ ከናይሮቢ መጣች። የሥራ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ከነማሸጊያዋ ምስማር ላይ ሰቀልናት። ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ ማን ይነካል? ጃርሶም አትንኩብኝ አለ። ቅዳሜ መጥቶ ቅዳሜ ሄደ። በዚህች ከተማ የሚሠራ «ለጊዜው» ቋሚ ይሆናል። በሁለት አገር መካከል የሚኖር ሰው ይህን ሊስተው አይገባም ነበር፤ ሁላችንም ሳትነው።

አንድ ቀን ቦኔ ለሽንኩርት ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻገረች። በዚያ በኩል ተኩስ ተነሳ፤ መሻገሪያው ተዘጋ። ቦኔ ወዲያ ቀረች። ልብስ ሰፊው ጋ ደወለች፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ባሌን አደራ አለችው። ልብስ ሰፊው በኋላ እንደነገረኝ፣ በር ድረስ ሄዷል። የሞተሩን ድምፅ ሰማ። ጃርሶ እየጠጣ ነው ብሎ ተመለሰ። ሚራ ሻጯም ሰምታለች። መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። ያን ቀን ቆርቆሮ ጣራው የሚያቃጥል ነበር። ሞተሩ ሲዞር ይሰማ ነበር፤ ማንም አልገባም።

ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ቱቦው አንድ ቦታ ተጣጠፈ፤ ሞተሩ ታገለ፣ ጋለ፤ ሙጫው ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ዘንጉ ፑሌጃዋ ውስጥ ብቻውን ይሽከረከራል። ጃርሶ ፊቱን ያዞራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ውኃ የለም። እንደገና ያዞራል። ሸክም የሌለበት ሞተር ደግሞ ከሚሠራው ይልቅ ጎላ ብሎ ይጮኻል። ለመጣራት የሚበቃ ትንፋሽ የለውም። ሰው እንዲሰማው ያለው ብቸኛ ነገር ማብሪያው ነው፤ ስለዚህ እርዱኝ ለማለት ያንኑ ይጫናል። ሰፈሩ በዚያው ድምፅ ይረጋጋል።

ቦኔ በማግሥቱ ስትገባ ሞተሩ ዝም ብሎ ነበር፤ ባትሪው አልቋል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ አላወቃትም።

አልሞተም። ሆስፒታል ተኛ፤ ኩላሊቱ ተጎዳ፤ ጀርባው ላይ የነበረው ቁስል ሰፋ። ሲመለስ ድምፁ ከበፊቱ አንሷል፤ አጠገቡ ካልተቀመጡ አይሰማም። በከተማው ወሬው አንድ ነበር፦ የሮቦት ሰዎቹ ሙጫ። ምዋሊሙ አንድ ስብሰባ ላይ ሊያስረዳ ሞክሮ አላስጨረሱትም፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ቅዳሜያችንም አበቃ።

ጋሽ ደበበ ጃርሶን ለማየት ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ፑሌጃዋን ከምስማሩ አውርደው በደረት ኪሳቸው ይዘዋታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «የገጠምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ይህችኛዋ ልኳ ናት። ከፈቀድህ ይህ ልጅ ይገጥማታል። እኔ ከእንግዲህ አልነካም።» ይህ ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ሽበቴን ይዤ።

ጃርሶ ጣራውን እያየ ነበር። ቦኔ ውኃ አጠጣችውና አፉን ጠረገችለት።

«ምዜ» አለ፤ በስዋሂሊ ሽማግሌ ሲከበር የሚጠራበት ነው። «ሙጫው አይደለም የገደለኝ።»

«አልሞትክም» አሉ ጋሽ ደበበ።

«ተወኝ ልጨርስ። ይህ ማሽን ከመጣ ወዲህ ቤቴ ጎረቤት አልገባም። አንድም ቀን። በፊት ያፈሱብኝ ነበር፣ ያደነቁሩኝ ነበር። ጠላኋቸው። እናንተ ማሽን አመጣችሁልኝ፤ እነሱም ጃርሶ አሁን ደህና ነው ብለው ሄዱ። ያን ቀን ልብስ ሰፊውን በጫማው ድምፅ አወቅሁት። ደጄ ላይ ቆሞ ተመለሰ።»

ጋሽ ደበበ፣ «ታዲያ ማሽኑን እናንሳው?» አሉ።

«አይ። ማሽኑንም እፈልጋለሁ። አስተካክሉት። ሰዎቹንም መልሱልኝ።»

ማሽኑን አስተካከልኩ። ሞተሩን በሞርሳ ይዤ፣ የኋላ ጫፉን ደግፌ፣ ፑሌጃዋን አሙቄ ገጠምኳት። ጋሽ ደበበ ቁጭ ብለው አዩኝ፤ ጥፍራቸውን ግን አላስጠጉም። በቀጣዩ ዝናብ አረፉ። ቀባሪው ትንሽ ነበር፤ ከመጡት መካከል አንዱ ሲቀበሩም ስለ ሙጫው አወራ።

እኔ በዚህ አልስማማም፤ አሁንም ሳልስማማ ነው የምጽፈው። ሙጫው ፑሌጃ ለቀቀ፤ ሙጫ የሚለቀው ፑሌጃን ነው። ጃርሶን የለቀቀው ሌላ ነው። ሮቦት ሥራችንን ይነጥቀናል ብለው በየጋዜጣው የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ያየሁት ሥራ ሲነጠቅ ሳይሆን በደስታ ሲሰጥ ነው። ሰፈሩ አንድ ኩባያ ውኃ የማዘንበል ሥራውን ለአንዲት የፕሪንተር ሞተር አስረክቦ፣ ድምፅዋን እንደ ደረሰኝ ቆጥሮ ወደ ቤቱ ገባ። እኛም አረካካቢዎቹ በሥራችን እንኮራ ነበር።

የጃርሶን ሁለተኛ ጥያቄ ግን መፈጸም አልቻልኩም። ልብስ ሰፊውን ለመንኩት፤ አፍሬያለሁ እንዴት ዓይኑን አያለሁ ይላል። ሚራ ሻጯ ሌላ መንደር ሄደች። ሹፌሮቹ ድምፁን ከሰሙ ይበቃቸዋል። ዘንግና ፑሌጃ እገጥማለሁ፤ ሰውን ከሰው የሚገጥም ሞርሳ ግን አልነበረኝም። አሁን ደግሞ ጭራሽ ሞርሳም የለኝም። በየቀኑ እኔ እገባለሁ፤ አንድ ሰው ግን አይበቃም፣ ወሬዬም አልቋል።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው አድናቆት አይደለም። ሞያሌ ያላችሁ፣ ከከብት ገበያው በታች ውረዱና የጃርሶን ቤት ጠይቁ። በሩ አይዘጋም። ሞተሩ ቢጮኽም ግቡ፣ ዝም ቢልም ግቡ። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ፣ ደህና ነው ብላችሁ ከበሩ የተመለሳችሁበትን ቤት ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ወረቀት አስቀምጡና ዛሬውኑ ሂዱ። ኩባያውን ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉ፣ እስኪውጥ ጠብቁ። ጠጥቶ ሲጨርስም ወዲያው አትውጡ፤ ተቀመጡና አውሩት።